ፊት ማለት እግር የሆነበት ደብተር

መካነ ሰላም ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሱስ ያዘኝ፦ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ከአማርኛ ቃል ጋር ቁርጥ አንድ የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላትን መልቀም። «ማን» በእንግሊዝኛ ወንድ ነው። «ላም» የበግ ግልገል። «ፊት» ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ እግሮች! በዘር የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች አንዱን ድምፅ ተካፍለው አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሲያውለው እጅግ ይደንቀኝ ነበር። ድርቁ አልፎ አብዮቱ የገባ ሰሞን ነው። ሰዉ ስለ እህል ሲጨነቅ እኔ ቃል እለቅም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። የምጽፈው ጨውና በርበሬ የሚሸጡ አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

አንድ ቀን ደብተሩ መንገድ ላይ ወደቀብኝ። የቀበሌ ጥበቃ አገኘውና ከደሴ ለመጣው ካድሬ ሰጠው። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተጠራ። የጥንቱ አውጫጭኝ መሆኑ ነው፤ ጥፋተኛው ካልታወቀ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ድሮ የተሰረቀ በሬ ይፈለግበት ነበር፤ አሁን ስም ያልተጻፈበት ደብተር ባለቤት።

ካድሬው ጮክ ብሎ አነበበ። «ላም ማለት ግልገል! ይህ የጸረ አብዮተኞች የሚስጥር ቋንቋ ነው። ላሟ ማን ናት? ግልገሉስ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን ከእናቴ ጀርባ ተሸሸግኩ። የእኔ ነው ብል አባቴን ጭምር እንደሚያስሩት አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ከረሃቡ ገና ያላገገመ ሰው ፀሐይ ላይ ሊውል ነው። ዝም አልኩ። እኩለ ቀን ላይ አንዲት አራስ ራሷን ስታ ወደቀች። አሁንም ዝም አልኩ።

ይኼኔ ጎረቤታችን ተነሡ። «ከእኔ ነው የወደቀው። መንገድ ላይ አግኝቼ በርበሬ ልጠቀልልበት ይዤው ነበር።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ምን አውቄ! ወላሂ ፊደል አልቆጠርኩም።»

ሰዉ ተበተነ፤ እሳቸው ታሰሩ። ሦስት ቀን እናቴ ስንቅ ስታመላልስ እኔ በእስር ቤቱ በኩል ማለፍ እንኳ ፈራሁ።

ሲፈቱ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አብሽሪ ልጄ፣ ተነሺ» አሉኝ። «ስትጽፊ አይቼሽ ነበር። ይልቅ የታሰርኩበትን ነገር ምንነቱን ልወቀው፤ ንገሪኝ።»

ደብተሩ ስላልተመለሰ በቃሌ ነገርኳቸው፤ ማንን፣ ላምን፣ ፊትን። ጨርሰው ሰሙኝና፦

«ይኸው ብቻ?» አሉ።

«ይኸው ብቻ» አልኩ፣ እንባዬ ቀድሞኝ።

መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁልኝና፣ «እሺ» አሉ፣ «ሌላስ?»