ሃያ ሰባቱ ደንቦችና የአያ ሞላ ሦስት ጥያቄዎች

ሐሙስ ማለዳ ከጎንደር የተነሳሁት አንድ ሽማግሌ ከጣሪያ ላይ ላወርድ ነው። ሥራዬ የግንባታ ደህንነት ቁጥጥር ነው። ከደባርቅ ወጣ ብሎ የሚሠራ አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያው ላይ ደርሷል፤ አናጢው አያ ሞላ ግን ስድሳን አልፈዋል የሚል ወሬ ቢሯችን ደረሰ። በደንባችን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ መሠረት ስድሳ ያለፈው ሰው ከፍታ ላይ አይሠራም። ደንቦቹ ሃያ ሰባት ናቸው። ግማሾቹን የጻፍኳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ በዙ የሚለኝን ሰው አልወድም።

ሚኒባሱ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተጠቀጠቅን። ቀበቶ ፍለጋ ወንበሩን ስደባብስ ከጎኔ የተቀመጡት እናት፣ "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አሉኝ።

"ቀበቶ።"

"ወዴት እንዳትወድቅ ነው? እኛ ይዘንህ የለም እንዴ!"

እውነታቸውን ነው። አምባ ጊዮርጊስን እስክናልፍ እጄን ከኪሴ ማውጣት እንኳ አልቻልኩም።

ዳባት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሾፌሩ ለቁርስ ሃያ ደቂቃ ሰጠን። በመቶ ሃያ ብር ሽሮ አዝዤ እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ የሺ ናት።

"ዝናቡ ሌሊቱን መኝታ ቤት ገባ። ያቺን ቆርቆሮ መቼ ነው የምትመታት?"

"መሰላላችን ደረጃውን ያላሟላ ነው አላልኩሽም?"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ መሰላል፣ መሰላል! ሙያህ ለሰው ቤት ብቻ ነው?"

"እንግዲያው ባልዲ ደቅኚበት!" ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ሽሮው እየተንተከተከ ሲመጣ ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ሂሳቤን ከፍዬ በባዶ ሆዴ ተሳፈርኩ። እስከ ደባርቅ ድረስ መንገዱን በቅጡ አላየሁትም፤ ለየሺ መናገር የነበረብኝን ነገር ሁሉ በሆዴ ስናገር ነበር።

ደባርቅ፣ ረፋድ

የደባርቅ ብርድ አጥንት ይገባል። ከመናኸሪያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ በገብስ ማሳ መካከል አቋርጬ ግንባታው ቦታ ደረስኩ። ሠራተኞቹ ሁሉ ፎጣ ጠምጥመዋል፤ ሄልሜት ያደረገ አንድም የለም።

"የላክናቸው ሄልሜቶች የት ገቡ?" አልኩ ፎርማኑን።

መጋዘኑን ከፈተልኝ። አሥራ ሁለቱም ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል።

"እንዳይጫሩ ብለን ነው" አለኝ። "እንግዳ ሲመጣ እናወጣቸዋለን። ይኸው መጡ አይደል!" አንዱን ላስቲክ ገፎ ጭንቅላቴ ላይ አደረገልኝ።

አያ ሞላን አስጠራኋቸው። ከጣሪያው ጫፍ በባሕር ዛፉ መሰላል ሲወርዱ ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚገቡ ይመስላሉ። ቀጭን፣ ፂማቸው የሸበተ፣ መዶሻቸውን ወገባቸው ላይ የሻጡ ሰው ናቸው።

"ዕድሜዎ ስንት ነው አያ?"

"ስድሳ አራት። እርጅናዬን ልትመሰክር ነው ከጎንደር የመጣኸው?"

"ደንብ ነው።"

"ከዚህ ካወረድከኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ማየት ነው የቀረኝ። ክረምቱም ደርሷል። ይኼን ጣሪያ ማን ሊከድንላቸው ነው?"

አንጀቴን በሉት። ቢሆንም ብዕሬን አወጣሁ። ከመፈረሜ በፊት ጣሪያውን ልይ ብዬ አንጸባራቂ ሰደርያዬን፣ ቀበቶዬን፣ ጫማዬን አሟልቼ መሰላሉን ስይዝ፣ አያ ሞላ ክንዴን ያዙኝ።

"ቆይ። እዚህ ሳይጠየቅ የሚወጣ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስንከድን ጀምሮ ልማዳችን ነው። ሌሊት ተኝተሃል?"

"ተኝቻለሁ።"

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

"የተጣላኸው ሰው አለ?"

ሳቄ መጣ። "እሱ ደግሞ ከጣሪያ ጋር ምን አገናኘው?"

"የተጣላ ሰው እግሩ እዚህ፣ ልቡ እዚያ ነው።"

"የለም" አልኩና ወጣሁ። እሳቸውም ተከተሉኝ። ወዲያው ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ልብ አላልኩትም። ዓይኔ ቆርቆሮው ላይ ነው፣ ሐሳቤ ግን ዳባት ቀርቷል። "ሙያህ ለሰው ቤት ብቻ ነው?" እኔን እንዲህ ትበለኝ! ለዚህ ጥሩ መልስ እንዳገኘሁ ገና ምስማር ያልተመታበት ቆርቆሮ ረገጥኩ።

ጭንቅላቴ ከወራጁ እንጨት ጋር ሲጋጭ ሄልሜቱ ቋ አለ። ከዚያ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ሥጋ ቤት ሙክት ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ያ ቀጭ ያለው የቀበቶዬ መንጠቆ ነው። ማያያዙን ረስቼ ወጥቼ ኖሮ አያ ሞላ ጣሪያው ላይ ከታሰረው ገመድ ጋር አያይዘውታል። መንጠቆን ማያያዝ የደንብ ቁጥር አራት ነው፤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ!

"ልጄ፣ ከማን ነው የተጣላኸው?" አሉኝ ከላይ ሆነው።

"ከባለቤቴ!"

"ቁርስስ?"

"አልበላሁም! እባክዎ ያውርዱኝ!"

ሠራተኞቹ ሲስቁ ገመዱም አብሮ ይወዛወዛል። አውርደው ዳቦና ሻይ አቀረቡልኝ። ከእፍረት ብዛት ቀና ብዬ ሳላይ በላሁ።

ከዚያ ደንቦቹ የተዘረዘሩበትን የቁጥጥር ቅጽ አወጣሁ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ "አያ ሞላ ጣሪያው እስኪያልቅ ይቀጥሉ፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" ብዬ ፈረምኩ። ከሥሩ ሦስቱን ጥያቄዎች ሃያ ስምንተኛ አድርጌ ጻፍኳቸው። በለውጡ የቀሩት አሥራ አንዱም ሄልሜቶች ከላስቲካቸው ወጡ። አያ ሞላ የራሳቸውን ከፎጣው በላይ አጥብቀው፣ "ለብርዱም ደህና ናት" አሉና ተመልሰው ወጡ።

ጎንደር፣ ቤቴ

ስመለስ ቀበቶ ያለው ሚኒባስ ጠብቄ ተሳፈርኩ። ደንቡ በዛ ወይስ ይገባል የሚለኝ ካለ እንግዲህ መልሴ አንድ ነው፦ ሄልሜቱም ቀበቶውም ነፍሴን አትርፈዋል፤ ግን ቀበቶውን ያያያዘው ቅጽ አይደለም። አያ ሞላን ዕድሜያቸውን ብቻ ጠይቄ ላባርራቸው ነበር፤ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ደህና መሰላል ተዋስኩ፣ መዶሻዬንም ያዝኩ። የሺ መሰላሉን ከሥር ልትይዝልኝ መጣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና፣ "በይ ጠይቂኝ" አልኳት።

"ተኝተሃል?"

"ተኝቻለሁ።"

"በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

"የተጣላኸው ሰው አለ?"

"እሱን እንኳ ካንቺ ነው የምሰማው" አልኩ፣ አንድ እግሬን መሰላሉ ላይ አድርጌ።

የሺ መሰላሉን ለቀቀችና አጠገቧ የነበረውን ባልዲ አንስታ አቀበለችኝ።

"እንግዲያው ዛሬ አትወጣም" አለችኝ።