ከእንቁጣጣሽ ዳቦ የጎደለው

ታናሽ እህቴ የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት የእሷ ልደት እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር፤ እንዳለ ይታወቃል፣ ደጃችን ግን አይደርስም።

የወንድሜ እንዲህ አይደለም። እሱ የጥር ልጅ ነው፤ ዝናብ የለ፣ ጾም የለ። በየዓመቱ ከኬክ ቤት ኬክ ይመጣለታል፣ ፊኛ ይነፋል፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። ግድግዳችን ላይ የወረቀት ቆብ ደፍቶ የሚስቅባቸው ሦስት ፎቶዎች ተሰቅለዋል። የእሷ ልደት ግን ሁልጊዜ ከእንቁጣጣሽ ጋር «ይጣመራል»። ፎቶዎቿ ላይ ሁሉ ከጀርባዋ በግ ቆሟል።

«ስድስት ዓመት ከየት አገኘሽ?» ይላታል ወንድሜ። ዕድሜው ዘጠኝ ነው፣ ምላሱ የሠላሳ ዓመት። «ቀንሽ ከተወለድሽ ወዲህ የመጣው አንዴ ነው። ገና አንድ ዓመትሽ ነው። ሂጂ ጡጦሽን ጥቢ!»

ሌላ ጊዜ ትደባደበው ነበር። ባለፈው ጳጉሜ ግን ወደ እኔ መጣችና ቀሚሴን ያዘች።

«እታለም፣ እኔ መቼ ነው የምወለደው?»

እኔ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ግጥም የምጭር ሰው ነኝ፤ ያስተማረኝም የለም። ለብዙ ነገር ቃል አላጣም። በዚያው ማታ ለእሷም ሁለት መስመር ጽፌ አስጠናኋት።

ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ እናቴ ቄጠማ ልትገዛ ወጣች። አባባም በግ ሊገዙ ወደ ገበያ ወርደው ነበር። የበዓሉን ድፎ ዳቦ የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ በኮባ ጠቅልዬ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጌ፣ ዓይኔ በጭስ እየነደደ። ጓዳ ውስጥ በነጠላ ተሸፍኖ ይበርዳል። ያ ዳቦ በአዲሱ ዓመት ጠዋት አባባ ባርከው እስኪቆርሱት ድረስ ማንም አይነካውም። እናቴ እንኳ አትነካውም።

ቢላዋ አነሳሁ።

«አባባ ይገድሉሻል!» አለ ወንድሜ በሩ ላይ ተገትሮ።

«እስኪመጡ ብላ።»

ከዳር ትልቅ ቁራሽ አውጥቼ ሰሃን ላይ አስቀመጥኩ። ሻማ አልነበረንም። ከአባባ የጸሎት መጽሐፍ አጠገብ አንድ ጧፍ ወስጄ ቁራሹ ላይ ተከልኩና ለኮስኩት። እህቴ ጉንጯን ነፍታ እፍ ልትል ስትል ወንድሜ ጮኸ።

«ጧፍ በአፍ አይጠፋም! ነውር ነው!»

እውነቱን ነው። እኛ ቤት ጧፍ እፍ አይባልም፤ ነዶ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ስለዚህ ሦስታችንም ሰሃኑን ከበን ጠበቅን። ጧፍ ደግሞ ቸኩሎ አያውቅም። እስከዚያው እህቴ ያስጠናኋትን ግጥም ቆማ አለች፦

«ዓመት ሲያልቅ መጣሁ፣ በር ሲዘጋ ገባሁ፤
ቦታ የለም ቢሉኝ፣ ቆሜ ዳቦ በላሁ።»

ወንድሜ ሳያስበው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ በሩ ላይ በግ ጮኸ። አባባ ናቸው፤ ከራስ እስከ እግር በዝናብ ርሰው፣ ገመዱን እንደያዙ። መጀመሪያ ሰሃኑን አዩ፣ ከዚያ ጓዳውን።

«ማነው የቆረሰው?»

«እኔ ነኝ። ልደቷ ነው።»

«ዘንድሮ ጳጉሜ አምስት ብቻ ናት። ቀኑ የለም። የሌለ ቀን ይከበራል?»

አባባ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ፤ በቀን ቆጠራ የሚረታቸው የለም።

«ቀኑ የለም፤ ልጅቷ ግን አለች» አልኩ። «ደግሞስ አባባ፣ ሲኖር መች አከበራችሁላት? አራት ዓመት ሲሞላት መጥቶ ነበር። ‹ነገ በዓል ነው› አላችሁ።»

በጉ አንገቱን ወደ ዳቦው ዘረጋ። አባባ ጧፉን አዩት፤ ገና ይነዳል። አልተቆጡም። አልመረቁምም። «ና፣ በጉን ያዝ» አሉና ወንድሜን ይዘው ወጡ።

እናቴ ቄጠማዋን ተሸክማ ስትመጣ የዳቦውን ጎን አይታ ጉንጯን ያዘች። «ምነው ልጄ፣ በእንግዳ ፊት ልታሳፍሪን ነው?»

«ያሳፍር» አልኳት። ይቅርታ እንድጠይቅ ብትለምነኝም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶቻችን መጥተው ቄጠማው ላይ በተደረደረው ወንበር ተቀመጡ። ዳቦው በሰው መሃል ሲገለጥ፣ የጎደለው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታየ። በነገር ከሁሉም የሚቀድሙት ጎረቤታችን እሜቴ ቀደሙ።

«ውይ! ዘንድሮስ አይጥ ቀደመን እንዴ?»

ቤቱ ሳቀ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባባ ቢላዋውን አነሱ።

«አይጥ አይደለም፣ እሜቴ» አሉ። «የትናንት ድርሻ ነው። ትናንት ልደት ነበረን።»

ከዚያ ባረኩና፣ ለእህቴ ከተቆረሰበት ጎን ጀምረው ቆረሱ።

እህቴ በእንግዶቹ ጉልበት መሃል ተሹለክልካ ወንድሜ ፊት ቆመች። ቁራሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ነው።

«ሰማህ?» አለችው። «ስድስት ነኝ።»