ኖር ያልኩ ቀን

ባሌ ካረፈ ወዲህ ጥቁር ነጠላ እለብሳለሁ። ከመቀመጫዬ ስነሳ ጫፉን ሰብስቤ እይዛለሁ። ሰው ሐዘኑ ያመጣብኝ ይመስለዋል፤ ልማዱ ግን ከልጅነቴ የመጣ ነው።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከሁሩሙ ወደ መቱ ለቼዝ ውድድር ሄድኩ። አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ፣ «ካሸነፍሽ ለቀጣዩ ውድድር ጅማ ትሄጃለሽ፤ ከተሸነፍሽ ግን ይህን ጨዋታ ዳግመኛ ቤቴ እንዳላየው» አለኝ። የደረሱኝ ተጋጣሚ ጋሼ ደረጀ ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ በዞኑ ደረጃ አንደኛ። እኔ ደረጃም አልነበረኝም።

«ከሁሩሙ የሚመጣው ማር ነበር» አሉ ፈረሳቸውን እያንቀሳቀሱ። አዳራሹ ሳቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቤቱ እርጥብ ካፖርትና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። እየቆየ ሳቁ ጠፋ። ግንቤን አንድ ጊዜ ባንቀሳቅስ ንጉሣቸው መሄጃ አልነበረውም። እሳቸውም አይተውታል፤ ግንባራቸው ወዝቷል።

እጄን ልዘረጋ ስል አንድ ሽማግሌ በበሩ ገቡ። ሰዉ «ኖር» እያለ ተነሳ፤ እኔም ተነሳሁ። የነጠላዬ ዘርፍ ንግሥቴን ጠልፎ ጣላት፤ ሳላስብ በእጄ አቆምኳት። ጋሼ ደረጀ ብቻ አልተነሱም። እጆቻቸውን ጠረጴዛው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል።

«ነካሻት» አሉ። «የነካሽውን ታንቀሳቅሻለሽ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ለኔ ብላ እኮ ነው የተነሳችው።»

«አባቴ፣ እርስዎን ማክበሯ ያስመሰግናታል» አሉ ጋሼ ደረጀ። «ንግሥቷን ግን ታንቀሳቅስ።»

ዳኛው ፊቴን ሳያይ «ሕጉ ነው» አለ። ንግሥቴ ቦታዋን ስትለቅ ለንጉሤ ጋሻ አልቀረለትም። ብዙም ሳይቆዩ «ማት» አሉኝ፤ ንጉሤ ተያዘ።

አባቴ አልተቆጣም። በማግስቱ ሰሌዳዬን የዶሮ ቤት በር አድርጎ ቸነከረው። ማታ ማታ ዶሮ የምዘጋው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ በምኖርባት መቱ ልጆች ቼዝ በስልክ ይጫወታሉ። ትልቅ ሰው ሲገባ ቀና አይሉም። ጎረቤቶቼ ይቆጧቸዋል፤ እኔ አልቆጣም።

በባሌ ለቅሶ ጋሼ ደረጀ ምርኩዝ ይዘው መጡ። ድንኳኑ ሁሉ «ኖር» ብሎ ተነሳላቸው። ለሽማግሌ ሁሉ ስነሳ የዋልኩት ሴት፣ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛ ናት ተብሎ ማንም አልታዘበኝም። ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

ማን እንደሆንኩ አላወቁም።