ከማርያም ጽዋ ያስወጣኝ እጅ

የማኅበራችን ሰዎች ሰካራም ነህ ብለው ከማርያም ጽዋ አስወጡኝ። አልጠጣሁም ነበር።

ወር በገባ በሃያ አንድ ተሰብስበን ስንጨርስ፣ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ጠላ እንደያዘ ተቀብሎ ቤቱ ያደርሳል። የዚያን ቀን ተረኛው እኔ ነበርሁ። እጄ ተንቀጠቀጠና ጠላው ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ አለቃ፣ "ለእመቤታችን ሰክረህ ትመጣለህ?" አሉኝ። አንዱ ከጥግ ሆኖ "ወርቁን በጠጅ ለውጦት ነው የመጣ!" ብሎ አሳቃቸው። ጽዋውን ለሌላ ሰጡት።

ለምን እንደምንቀጠቀጥ እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያ በፊት አራት በጋ ከቡሬ ወደ ቆላ ወርጄ ወርቅ አውጥቻለሁ። ወርቅ የሚወጣው በባዜቃ ነው፤ ባዜቃን ያላየ ሰው አይፍረድብኝ። እንደ ውኃ ይፈሳል፣ እጅ ግን አያረጥብም። መዳፌ ላይ ሳንከባልለው ፊቴ ይታየኝ ነበር። ዓይን የማያየውን የወርቅ ብናኝ ከጥቁሩ አሸዋ እየለቀመ ይውጠዋል። በጨርቅ ጨምቀን የቀረችውን ነጭ ድቡልቡል ቆርቆሮ ላይ አድርገን እሳት ላይ እንጥዳታለን። ባዜቃው ይተናል፤ ነጭዋ ቢጫ ትሆናለች። ስንት ጊዜ አየሁት፣ አንድም ቀን አልለመድሁትም፤ ባየሁ ቁጥር አማትብ ነበር። ነፋስ እንዳይወስድብን፣ ሰውም እንዳያይብን ጎጆዋን ዘግተን ነው የምናነደው። ራሳችንን ሲያመን፣ አፋችን ብረት ብረት ሲለን የቆላ ሙቀት ነው እንላለን። ጅሎች።

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ወረቀት ሰጥቶ "ስምዎን ይጻፉ" አለኝ። ጻፍሁ። የፊደሉ ሁሉ እግር ተንቀጠቀጠ።

"የድሮ ጽሑፍ አለዎት?"

ነበረኝ። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ እንዳይጠፋብኝ በየክረምቱ አንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በሳምንቱ አመጣሁለት። ፊተኛው ገጽ ላይ ፊደሎቼ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከመጀመሪያው በጋ መልስ ጥቂት ይወዛወዛሉ። ከአራተኛው በኋላ ትል የሄደበት ይመስላል። በበጋ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ወርቁንም ባዜቃውንም ነገርሁት።

"በሩን ዘግታችሁ ነበር የምታነዱት?"

"አዎ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይህ መጠጥ አይደለም። የባዜቃው፣ የሜርኩሪው ትነት ነው። ሽታ የለውም፤ በትንፋሽ ገብቶ አንጎል ይደርሳል።"

"ይለቀኛል?"

"ሊሻልዎት ይችላል። ሙሉ በሙሉ ይድናሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።"

ስወጣ መንገድ ዳር ቆምሁ። ባዜቃው ዓይን ሳይኖረው ወርቁን ከአሸዋ ውስጥ እንደሚያገኘው፣ እኔንም ከሥጋዬ ውስጥ አገኘኝ። እኔም ሳላውቀው ደብተሬ ላይ በገዛ እጄ ምስክርነቱን ስጽፍ ኖሬያለሁ። ይህን ሳስብ ቁጣዬን እንኳ ረሳሁት።

ሐኪሙ ሕመሜን የጻፈበትን ወረቀትና ደብተሬን ይዤ ማኅበሩ ፊት ቀረብሁ፤ ባዜቃውን በር ዘግተን እንደምናነደውም ነገርኋቸው። ሙሴው ገጹን እየገለጡ ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ አስኬዱ። ሲፈርዱብኝ ያልታየ ፍርሃት ፊታቸው ላይ መጣ።

"ልጄ እኮ አሁን እዚያው ቆላ ነው" አሉ። "እነሱም በሩን ይዘጉታል?"

"ይዘጉታል፣ አባቴ።"

ይቅርታ አላሉኝም። ለልጃቸው እንዲደወል አዘዙ፤ ከዚያ ተነሥተው ጽዋውን ከሥር በሁለት እጃቸው ደግፈው ሰጡኝ። ፈሰሰ። የሁለታችንም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ነገሩ ያለቀው ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ነው።