የየሺን ፍንጭት የደፈንኩ ጊዜ

ደብረ ታቦር ፎቶ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሼ ደምሴ ካሜራውን አላስነኩኝም። ማበጠሪያ፣ መስታወትና አንድ ጥቁር ኮት አስረከቡኝ። «ያንተ ሥራ ይህን ማልበስ ነው» አሉኝ። በዚያ ዘመን ጉርድ ፎቶ የተነሳ የከተማችን ወንድ ሁሉ ያንኑ ኮት ለብሷል። ለቀጭኑ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እሰበስበዋለሁ። ወፍራም ሲመጣ ከፊት ብቻ አለብሰዋለሁ፤ ጀርባውን ካሜራው አያየውም።

ጋሼ ደምሴ ብጉር እንኳ አያጠፉም ነበር። «አገጭ ቀና፣ ትከሻ እኩል፤ የቀረውን እግዜር ጨርሶታል» ይላሉ።

ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ነገር ተበላሸ። ደንበኛው ሁሉ የፊልም ተዋናይ ፊት አዝዞ ይመጣ ጀመር። ጋሼ ደምሴ ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ሲለቁልኝ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ፊት ማንጣትና ጉንጭ መቀነስ ተማርኩ። ለናሙና የራሴን ፎቶ አንጥቼ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። እናቴ አይታው «ይሄ የማን ልጅ ነው? የታመመ ይመስላል» አለች። በዚያው መማር ነበረብኝ።

የሺ የመጣችው ያኔ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው የገሳይ ከተማ ልጅ ናት፤ ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት ልብስ ትሰፋለች። አንገቷን የዞረውን ንቅሳት በሻርፕ ሸፍናዋለች። ካሳው የሚባል ገበሬ ገሳይ ገበያ ላይ አይቷት ሽማግሌ ልኳል። እናቱ እግራቸውን ስለሚያማቸው መጥተው ሊያዩዋት አልቻሉም፤ ፎቶዋን ጠይቀዋል፤ እሳቸው እሺ ካላሉ ጋብቻው የለም።

«ንቅሳቱን አጥፋልኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«በቴሌቪዥን እንዲህ ያለ አንገት አይተህ ታውቃለህ?» «ካሳውን እወደዋለሁ። እናቱ እንዳይጠሉኝ ፈራሁ።»

አንጀቴን በላችው። ንቅሳቱን አጠፋሁ፤ ፊቷን አነጣሁ፤ ጉንጯን ቀነስኩ። ሥራው ሲጥመኝ ያልታዘዝኩትን ጨመርኩ፤ በፊት ጥርሶቿ መሀል ያለውን ፍንጭት ደፈንኩት። በፊልም የማየው ጥርስ ሁሉ የገጠመ ነው። የሺ ፎቶውን አይታ «ምነው ይህችን ብሆን!» አለች።

በሳምንቱ ካሳው በሩን በርግዶ ገባ። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። «ወንድምዓለም፣ የሌላ ሰው ፎቶ ነው የሰጣችሁን!»

«የሺ ናት» አልኩት።

«የሺን ላላውቃት ነው? ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሀል ዓይኔ የገባችው በፍንጭቷ ነው! ለእናቴም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ፎቶውን ስታይ ‹ፍንጭቱ የታለ? አንገቷ ባዶ፣ ደም የላት፤ ይህችንስ መጀመሪያ ጠበል ውሰዷት› አለች። አታለላችሁኝ ብላ እምቢ ብላለች። እሑድ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ለመልስ እነየሺ ቤት ሊሄዱ ቀጥረዋል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያልተነካው ፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር፤ ግን እሷን ሳልጠይቅ መስጠት አልፈለግሁም። መንገዱን ተሻግሬ ጠራኋት፤ ጥፋቴንም ነገርኳት።

የሺ ሻርፗን እንደያዘች ገባች። «ንቅሳቴን እናትህ ቢያዩት ምን ይላሉ?» አለችው።

«እሷ ሦስት ዙር አላት» አለ ካሳው። «ያንቺ ሁለት ነው ስላት ‹ምነው፣ ነቃሿ ቸኩላ ነበር?› ብላለች።»

የሺ ሳቀች። ፍንጭቷ ሙሉ በሙሉ ታየ። ሻርፗን ፈትታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ «እንደገና አንሳኝ» አለችኝ። አገጭ ቀና፣ ትከሻ እኩል ብቻ ነው ያልኳት። የካሳው እናት አዲሱን ፎቶ አይተው እሺ አሉ፤ እሑድም ሽማግሌዎቹ ከእነየሺ ቤት እሺታ ይዘው ተመለሱ።

እኔም የነጣውን ፎቶዬን ከመስኮቱ አወረድኩ። እናቴ ስታልፍ አይታ «ያ በሽተኛ ልጅ ተሻለው?» አለችኝ።

ዛሬም ፊቴን አስተካክልልኝ የሚል አይጠፋም፤ አስተካክላለሁ። ግን ሰው የሚወደውን ሰው ፎቶ ሲያይ የሚፈልገው የሚያውቀውን ፊት ነው። ስለዚህ ያልተነካውን ቅጂ አታጥፉ።