ሐምበር ወንዝ አፍ ላይ የተጠላለፈችው ዝይ

ዛሬ ጠዋት ኢቶቢኮ ሰፈር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ዝይዎች ዝቅ ብለው እየጮሁ በላዬ አለፉ፤ በረዶ የለቀቀው መሬት ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ እኔም በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሐምበር ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ረግረግ ዳር ከአጎቴ ጋር የዋልንበት እሁድ ትዝ አለኝ።

ጋሼ ታደሰ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሱዳን መጥቶ ፓርክዴል ሰፈር እኛ ቤት ሲያርፍ ዊንተሩን ሙሉ ከሶፋው የሚነሳው በግድ ነበር፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ስላላለቀ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው፣ ፖስተኛም ቢሆን፣ ሲያይ መንገድ ይሻገራል። ሚያዝያ ላይ እናቴ ሰለቻትና "በል ልጅቷን ወስደህ ወፍ አሳያት" ብላ ሁለታችንንም ከቤት አስወጣችን።

ረግረጉ ላይ ከደቡብ የተመለሱ ዳክዬዎች ሰፍረዋል፤ አንድ እግረ ረጅም ግራጫ ወፍ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ቆሟል። ሸምበቆው ውስጥ ግን አንዲት ዝይ ክንፏና እግሯ በተጣለ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተተብትበው ትንፈራገጣለች። አጎቴ ጫማውን አውልቆ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ውሃ እስከ ጉልበቱ ገባና ኮቱን ጣል አድርጎባት አቅፏት ወጣ። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አንዲት ሴትዮ ለእራት የያዛት መሰላቸውና የፓርኩን ጠባቂ ጠርተው መጡ።

ጠባቂዋ ዩኒፎርም ለብሳ ሬዲዮ ይዛለች። የአጎቴ ከንፈር ሲነጣ አየሁ፤ ዝይዋን ግን አልለቀቀም።

"ምን ሊያደርጋት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩለት።

"ለመብላትማ ቢሆን የሰባችውን እመርጥ ነበር በያት" አለኝ።

እንዳለ ነገርኳት። ሳቀችና ተንበርክካ የዝይዋን አንገት ያዘችለት፤ እሱ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ፈታላት። ዝይዋም ለውለታው እጁን ነክሳው፣ ውሃው ላይ ተንደርድራ በረረች።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ብቻውን ይሄድ ጀመር። ጠባቂዋ የየወፉን ስም ትነግረዋለች፤ እሱም እቤት ሻይ እየጠጣ ጮክ ብሎ ይደጋግመዋል፤ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታው በወፍ ስም ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ሲሰጠው ካልጋሪ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ባለፈው ዓመት እዚያው አረፈ።

ወንዙ አፍ አካባቢ ፎቁ በዝቷል፤ ወፎቹ ግን አሁንም ይመጣሉ። ልጆቼ ጣታቸውን ቀስረው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ወፍ ነው" እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም፤ ደውዬ የምጠይቀውም ሰው የለም።