በእህቴ ደረት ውስጥ የነበረው ድምፅ

በታናሽ እህቴ ደረት ውስጥ ብረት አለ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እያመማት በዝንጅብል ያሳለፍነው በሽታ ወደ ልቧ ወርዶ፣ ከልቧ በሮች አንዱን አበላሽቶት፣ አዲስ አበባ በብረት ቫልቭ ተተካላት። ቆቦ ስትመለስ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይዛ መጣች። ጎረቤቶች "ሰዓት ዋጥሽ እንዴ?" ሲሏት "ዋጥኩ፣ ግን አይቀሰቅስም" ትላለች።

መድኃኒቷን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር በዋዛ አያልፍም። ደም የሚያቀጥነው ክኒን በየቀኑ፣ ሰዓቱን ጠብቆ። ጎመን የክኒኑን ኃይል ስለሚያደክም በሳምንት አንዴ፣ አንድ ጭልፋ። በየወሩ ወልድያ ሄዶ ደም ማስለካት። ሁሉንም በደብተር ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ፍልሰታ ገባ። የነፍስ አባታችን "የታመመ አይጾምም" ቢሏት አልሰማችም።

"እናንተ ስትጾሙ እኔ ወተት ልጠጣ አባ? ሕፃን ነኝ?"

ዝናቡ ደህና ጥሎ ስለነበር ጎመን ከጎብዬ ገበያ በሸክም ይመጣ ነበር። በየቀኑ በላን። ክኒኗን አንድ ቀን አላዛነፍኩም። ጭልፋውን ግን ረሳሁት። ጎመን በፍልሰታ ምግብ ነው፤ የሐኪም ጉዳይ መሆኑ ከሐሳቤ ወጣ። የወልድያ መንገድም ተዘግቶ ስለነበር ደሟ ሳይለካ ወሩ አለፈ።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ድምፁ ቀነሰ።

"ሰውነትሽ ለመደው" አልኳት።

"እንኳን ለመደው፣ ጆሮዬ አረፈ" አለች።

ለማርያም ጧፍ ይዘን ሄድን፤ ለዝምታው ምስጋና ነበር። ስንመለስ በሜዳው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ያን ጊዜ የጎመኑ ነገር ገባኝ።

መንገድ ተከፍቶ ደሴ እስክንደርስ ቫልቩ ላይ የረጋው ደም ጠንክሮ ነበር። በመድኃኒት ሞከሩት፣ አልሟሟም።

"ደረቷ እንደገና መከፈት አለበት" አለ ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ። "ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ወረፋው ላይ ደግሞ አንድ ጊዜም ያልደረሳቸው ልጆች አሉ።"

"ልክ ነው" አለች እህቴ። "እኔ ድርሻዬን በልቻለሁ።"

በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ፣ ቀድሞ ያነበብኩትን ነገርኳት፤ በሌላ አገር የሟች ልብ የተተከለላቸው ሰዎች አሉ፣ የዚያ የተተከለው ልብ ቫልቭ ሲበላሽ እንደገና ከፍተው ያድሱላቸዋል። ተስፋ ልሰጣት ፈልጌ ነበር።

ሮቢት ከተማን ስናልፍ ወደ እኔ ዞረች። "እነሱ ቤቱን ቀይረው በሩንም ያድሳሉ" አለች። "እኛ ለአንድ በር ወረፋ አጣን።"

ስልክ እንደሚደወልልን ተነግሮን ነበር። አልተደወለም። ደብተሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ እሷ እንዳወርደው አልፈቀደችም። "አንቺ ያላነበብሽው የለም እቴ፣ የፍልሰታን ጎመን ማን ያነባል?" ትለኛለች፤ ይህን የምትለው እኔን ለማዳን ነው።

አሁን ትራስ ደራርባ፣ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ዛሬ ከሰዓት ጀርባዋን ሰጥታኝ "እስቲ አድምጪ" አለችኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ይሰማል?"

"ይሰማል" አልኳት።

"ስንት ቆጠርሽ?"

ከትንፋሿ በቀር የሰማሁት አልነበረም። ቁጥር እንደማልስት ታውቃለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ትራሷን እንዳስተካክልላት ጠየቀችኝ።